ከኮምቦልቻ እስከ ጅቡቲ ባሕር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ላይ ያደገ ሰው ጅቡቲን የሚያውቃት በተሳቢ መኪና ነው። ሌሊት ወደ ባቲ ሲወርድ፣ ንጋት ላይ ኮንቴይነር ተሸክሞ እያቃሰተ ሲመለስ እናየዋለን። ሾፌሩ ስለ ወረፋው፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ጉምሩኩ ያወራናል እንጂ ስለ ባሕሩ አያወራንም። አባቴም ሾፌር ነበር፤ የእሱ ግን አሰብ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የወሎ ሰው ባሕር ወደ ጅቡቲ ዞረ። እሱ አሰብን ሳያሳየን አረፈ። እኔ ግን ጅቡቲን ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ እናቴንም ወስጃታለሁ። ከዚያ ወዲህ ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚደውል ሰው አያጣኝም፤ ጥያቄው ደግሞ ያው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መልሴን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ጅቡቲ ከወደብ ሌላ ምን የሚታይ ነገር አላት?

ብዙ አላት። ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ አሳል ሐይቅ እዚያ ነው። በድንጋይ ጭስ ማውጫዎች የተሞላው አቤ ሐይቅ አለ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በበጋ የሚመጡ ግዙፍ ሻርኮች፣ ኮራል የሚባል ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት የከበባቸው ሙሻና ማስካሊ የተባሉ ደሴቶች፣ ሰባት መስጊድ ያላት ጥንታዊቷ ታጁራ፣ ከበረሃው መሐል ብቅ ያለ የጥድ ደን፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ ነው። የሕንፃና የመብራት ድምቀት ለሚፈልግ ሰው ጅቡቲ አትሆንም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ምድር ስትሰነጠቅ፣ ጨው ሲረጋ፣ ባሕር ሲተነፍስ ማየት ለሚፈልግ ግን ከዚህች አገር የቀረበን የለም።

መቼ ነው መሄድ ያለብን?

ከኅዳር እስከ የካቲት። ይህን መልስ ጮክ ብዬ የምናገረው ጥፋቱን ራሴ ስለሠራሁት ነው።

የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በክረምት ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሐምሌና ነሐሴን ነው። ጅቡቲ ግን በዚያ ወቅት እሳት ናት። ከሰኔ ጀምሮ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከምዕራብ የሚነሣው ደረቅ ነፋስ፣ እነሱ ኸምሲን የሚሉት፣ አሸዋውን ይዞ ፊት ላይ ይገርፋል። እናቴን መጀመሪያ የወሰድኳት በሰኔ ነበር። ደሴ የተወለደች፣ ጦሳ ሥር በነጠላ ላይ ጋቢ ደርባ የኖረች ሴት ናት። መኪናውን ያከራየን ሰው ቀዝቃዛ አየር እንዳለው አረጋግጦልን ነበር፤ ከከተማ ከወጣን በኋላ ግን የሚነፍሰው ትኩስ አየር ብቻ ሆነ። ገና አሳል ሳንደርስ እናቴ ላቧ ቆመ፤ ቆዳዋ ደረቀ፤ ስጠራት የምትመልስልኝ ዘግይታ ሆነ። ላብ መቆም ክፉ ምልክት ነው። አርታ የሚባል ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ይዘናት ወጣን፤ ሽርጥ በውሃ እየነከርን አንገቷና ብብቷ ላይ አደረግንላት። ተረፈች። ባሕሩን ግን በደንብ ሳታይ ተመለሰች።

ሁለተኛ የሄድነው በጥር፣ ልጆቹ በመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ሳሉ ነው። ያኔ ቀኑ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነበር፤ ማታ ማታ ነጠላዋን ትደርብ ነበር። ልጅ ወይም አዛውንት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያቺን የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተጠቀሙባት። ክረምቱን ለእኛዎቹ ለሐይቅና ለአርዲቦ ሐይቆች ተዉት።

በምን እንሂድ?

ሦስት መንገድ አለ። ቀላሉ በአውሮፕላን ነው፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ። ሁለተኛው አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ ከለቡ በባቡር መሳፈር ነው። ባቡሩ በአዳማና በድሬዳዋ አድርጎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ናጋድ ጣቢያ ያደርሳል። ባቡሩ የሚነሣበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ በየቀኑ አለ ብላችሁ ከቤት አትውጡ።

ሦስተኛው የእኛው መንገድ ነው፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ዲቾቶ፣ ጋላፊ። ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ በዮቦኪና በዲኪል ወደ ከተማው። በጠቅላላው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ የምወደው ይህንን ነው። ሰመራ ወይም ሎጊያ አድሮ በማግስቱ በጠዋት ድንበር መድረስ ይሻላል፤ ጋላፊ ላይ የተሳቢው ሰልፍ ረጅም ነውና። ከመነሣታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ትናንት ከዚያ የተመለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ደኅንነት ጠይቁ። ከእነሱ የተሻለ ዜና ያለው የለም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ፓስፖርትና ቪዛ ያዙ። ቪዛው በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲያቸውም ያስተናግዳል። «ሾፌሩ ዘመዴ ነው፣ ገቢና አስገብቶ ያሻግረኛል» የሚል ሰው አያጋጥማችሁ፤ ካጋጠማችሁም አትስሙት። ሾፌሩም መኪናውም ችግር ውስጥ ይገባሉ።

በየብስ ከሄድን በመንገድ ላይ የሚታይ አለ?

መንገዱ ራሱ ይታያል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከዚያ እስከ ዜሮ መውረድ ነው። ባቲ ስትደርሱ ጃኬቱ ይወልቃል፤ ሚሌ ላይ የመኪናው መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ሰኞ ቀን ከሆነ ባቲ ላይ ውረዱ። አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ የደጋው ሰው እህሉን፣ ኦሮሞው ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነው። የባሕሩ ጉዞ የሚጀምረው ከዚያ ገበያ ነው ብል አላጋነንኩም፤ የቆላው ጨው ወደ ደጋ የሚወጣበት በር ነበርና።

ከባቲ ወደ ሚሌ ስትወርዱ እሊ ውሃን ታልፋላችሁ። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት ሐዳር ከዚያ አካባቢ ነው። ድንበሩን ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ግራንድ ባራ የሚባል ሜዳ አለ፤ ድሮ ሐይቅ የነበረ፣ ዛሬ እንደ ጠረጴዛ ደልዳላ የሆነ የደረቀ ጭቃ። ጠዋት ላይ ከሆነ ሚዳቋ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

አሳል ሐይቅ እንዲህ የሚወራለት ለምንድን ነው?

ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ስለሆነ፤ አፍሪካ ውስጥ ከዚያ ዝቅ የሚል ደረቅ መሬት የለም። ከከተማው ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ውሃው የሚመጣው ከወንዝ አይደለም፤ ጉቤት ከሚባለው የባሕር ክንድ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ የባሕር ውሃ ነው። ይገባል፣ ይተናል፣ ጨው ይተዋል። በዚህ ምክንያት ጨዋማነቱ የባሕርን አሥር እጥፍ ያህላል።

መኪናው ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል ወርዶ መታጠፊያውን ሲዞር ሐይቁ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። መጀመሪያ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ በረዶ የመሰለ ነጭ የጨው ሜዳ፣ ከዚያ ስም የማላገኝለት አረንጓዴና ሰማያዊ ውሃ። ዳር ላይ ጨው በድንጋይና በእንጨት ላይ አብቦ ታገኙታላችሁ። ቁጭ ብዬ አንዷን ቅርንጫፍ አነሣሁ፤ የጣቴን ግማሽ የማታህል ጭራሮ ናት፤ ዙሪያዋን ጨው እንደ ቆሎ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይዟታል፤ ስትነካ ትቆርጣለች እንጂ አትሰበርም።

ውሃው ሰውን አያሰጥምም፤ ያንሳፍፋል። ሆኖም ፊታችሁን ወደ ውሃው አታዙሩ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሥቃዩ ብዙ ነው። በቀደመው ቀን ኮራል እግሬን ጭሮኝ ነበርና ስገባ ያቺ ጭረት እንደ ቢላ ተሰማችኝ። ስለዚህ ቁስል ያለበት ሰው አይግባ፤ ጫማ ሳታደርጉ ጨው ላይ አትራመዱ፤ በጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትወጡ ካልታጠባችሁ ጨው ሰውነታችሁ ላይ ደርቆ ያሳክካችኋል። እዚያ ጥላ የለም። ጠዋት ገብታችሁ ከቀትር በፊት ውጡ።

በመንገድ ላይ አርዱኮባ የምትባል ትንሽ እሳተ ገሞራ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳች። የአፍሪካና የዓረቢያ ምድር በየዓመቱ በሴንቲ ሜትር እየተራራቁ ያሉት እዚህ ነው። ስንጥቁ በዓይን ይታያል፤ መሐሉ ገብቶ መቆም ይቻላል።

አቤ ሐይቅ መሄድ ድካሙን ያዋጣል ወይ?

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም በፊት እሱን እላችኋለሁ፤ ምክንያቱን ደግሞ የኮምቦልቻ ሰው ይረዳኛል።

ቦርከናን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከደሴ ተራሮች ሥር ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ ጨፋን አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። ልጅ ሆነን የዋኘነው እሱ ውስጥ ነው፤ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡት እዚያ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ከቦርከና የተረፈች ጠብታ ካለች መቋጫዋ እዚያ ነው።

ቦታው ምን ይመስላል ካላችሁ፤ ከደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ የቆሙ በመቶ የሚቆጠሩ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ ረጃጅሞቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ሐይቁ ሰፊ በነበረበት ዘመን ከሥር የሚፈልቀው ፍል ውሃ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሲገናኝ ኖራው እየረጋ ሠራቸው፤ ውሃው ሲሸሽ ዓምዶቹ ተራቁተው ቀሩ። ከአንዳንዶቹ ጫፍ እስከ ዛሬ እንፋሎት ይወጣል። ጠዋት ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እንፋሎቱ በደንብ ስለሚታይ ከሩቅ ለሚያይ ቁርስ የሚሠራበት መንደር ይመስላል። ሥራቸው ፍል ውሃ ይፈሳል፤ በፍል ውሃው ዳር ሣር አለ፤ ሣሩን የአፋር ፍየሎች ይግጡታል። ወደ ውሃው ዳር ደግሞ ፍላሚንጎዎች ይሰለፋሉ።

ከዲኪል ተነሥቶ የሚገባው መንገድ ላንድክሩዘርና አካባቢውን የሚያውቅ አፋር ሾፌር ይፈልጋል። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ገንዘብ ማባከን ነው። የአካባቢው ሰዎች ያዘጋጁት ማደሪያ አለ፤ በአፋር ጎጆ፣ በሰሌን አልጋ ላይ ይታደራል። ጀንበር ስትጠልቅና ስትወጣ ሁለቱንም እዩ። እናቴ እዚያ ስትደርስ ብዙ አልተናገረችም። ፍል ውሃው የሚቀዘቅዝበት ቦታ ድረስ በዝግታ ሄዳ፣ እጇን ነክራ፣ «ይኼ ነው እንዴ የኛ ውሃ መድረሻው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

መዋኘት የምንፈልግ የት እንሂድ? መዋኘት የማይችልስ?

ከከተማው ብዙም የማይርቀው ኮር አምባዶ ነው፤ በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥቁር ኮረብታ የከበበው አሸዋማ ዳርቻ። ከተማው ውስጥ ያለው ሲየስታ ለማምሻ ሽርሽር ጥሩ ነው እንጂ ለዋና አልመክረውም። ንጹሕ ውሃና ኮራል ለሚፈልግ ሙሻ ደሴት ይሻላል፤ ኤስካል ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ይነሣል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታታል።

ሐይቅ የለመደ የወሎ ሰው ባሕርን ሲያይ የሚያታልለው አንድ ነገር አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ዳር ጫማህን ብታስቀምጥ ማታም እዚያው ታገኘዋለህ። ባሕር ግን ይመጣል ይሄዳል፤ ጠዋት ደረቅ የነበረው አሸዋ ከሰዓት በኋላ ወገብ ይደርሳል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ይዞ ይሸሻል። መዋኘት የማይችል ሰው እስከ ጉልበቱ ብቻ ይግባ፤ ልጆች ብቻቸውን አይግቡ። ጉቤት መግቢያ ላይ ያለው ጅረት ኃይለኛ ስለሆነ ጎበዝ ዋናተኛም አይድፈረው። ኮራል ባለበት ሁሉ የላስቲክ ጫማ አድርጉ፤ እሾሃማ ፍጥረትና ድንጋይ የሚመስል መርዛማ ዓሣ አለ።

ልብስን በተመለከተ አገሩ የእስልምና አገር ነው፤ የደሴ ሰው ሥርዓቱን አይቸገርበትም። በሕዝብ ዳርቻ ላይ ሴቶች ሰውነት የሚሸፍን ልብስ፣ ወንዶች ቁምጣ ወይም ሽርጥ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ከሻርክ ጋር ይዋኛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን የሚያስፈራው ዓይነት አይደለም። ዌል ሻርክ ይባላል፤ ከዓሣ ዘር ሁሉ ትልቁ ሲሆን የሚበላው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በአርታ ዳርቻ አካባቢ በብዛት ይመጣል። አብዛኞቹ ገና ያልደረሱ ወጣቶች ናቸው፤ ወጣት ስል አራትና አምስት ሜትር ርዝመት ያላቸው። ከጀልባዋ ዘልዬ ስገባ በሥሬ ያለፈው ጀርባው ጥቁር ግራጫ፣ በላዩ ነጭ ነጠብጣብ የተዘራበት ነበር፤ አፉን ከፍቶ ሲያልፍ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። እጅ ማሳረፍ ክልክል ነው፤ ጀልባ ነጂው «ጠጋ በሉ፣ ንኩት» ካለ እምቢ በሉ። በሞተር ማንቀሳቀሻ የተቆረጠ ክንፍ ያለው አይቻለሁና ጀልባው ሲጠጋ ሞተሩን እንዲያጠፋ ጠይቁ።

ታጁራስ?

በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ ወይም በመኪና ዞሮ ይኬዳል። ነጭ የተቀቡ ቤቶች፣ ሰባት መስጊድ፣ ከጀርባ የጎዳ ተራሮች። ጥንታዊ የአፋር ሱልጣኔት መቀመጫ ናት። ወደ ሸዋ የሚወጣው የግመል ቅፍለት የሚነሣው ከዚያ ነበር፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያመጣ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ ወራት ሙሉ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ ኖሯል። አጠገቧ ነጭ አሸዋ ያለው ዳርቻ አለ፤ ጅቡቲ ውስጥ ከዋኘሁባቸው ሁሉ የሚያምረኝ እሱ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ዳይ ደን ውጡ። 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ የሚገኝ የጥድ ደን ነው፤ ያው የእኛው የሐበሻ ጥድ። ብዙው ደርቋል፤ ግንዱ ቆሞ ቅጠሉ የሌለ ዛፍ ይበዛል። እኛም ተራራችንን ስላራቆትን አይቶ ማለፍ ይከብዳል።

ከተማው ውስጥ ምን እንይ?

አንድ ቀን ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው ሐሙዲ መስጊድና ዙሪያው ያለው ገበያ፣ የድሮው የፈረንሳይ ሰፈር ቅስት ቅስት ያለው በረንዳ፣ ከዚያም የምኒልክ አደባባይ። ስሙ ከነፃነት በኋላ ተቀይሮ በነፃነት ቀናቸው፣ በጁን 27 ቀን 1977 ተሰይሟል፤ ሰዉ ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ጫቱ ከእኛ አገር ደርሶ ሰዉ ይቀመጣል፤ እስከ አሥር ሰዓት ምንም አትጠብቁ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ወደቡንና የጦር ሰፈሮቹን ፎቶ አታንሡ፤ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ያለበት ከተማ ነውና ስልክ ያስወስዳል።

ምን ይበላል?

የየመን ዓሣ ብሉ። ዓሣው ከጀርባው ለሁለት ተሰንጥቆ ይዘረጋል፤ በርበሬና ቅመም ይቀባል፤ ከዚያ ጥልቅ በሆነ የጭቃ ምድጃ ውስጥ በረጅም ብረት ይንጠለጠላል። እሳቱ ሥር ነው። ሲወጣ ላዩ ከሰል ሊመስል ይችላል፤ ውስጡ ግን ነጭና ለስላሳ ነው። ከዚያው ምድጃ ግድግዳ ተላጥቶ የወጣ፣ የሰፌድ ያህል የሚሰፋ ትኩስ ቂጣ አብሮ ይመጣል። ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ በእጅ ይበላል። ለቁርስ ፉል አለ፤ ሩዝ በሥጋም አለ። እንጀራ የናፈቀው ሰው የሐበሻ ምግብ ቤት አያጣም።

ገንዘቡስ? ውድ ነው ይባላል።

ውድ ነው። አብዛኛው ነገር ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ሆቴሉም መኪናው ኪራይም ኪስ ይጎዳል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ለብዙ ዓመታት በአንድ ዋጋ ታስሯል፤ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ያህል ነው። ስለዚህ 1,000 ፍራንክ ከአምስት ዶላር ተኩል ብዙም አይበልጥም ብላችሁ አስሉ። ለአሳልና ለአቤ የመኪና ኪራዩ ትልቁ ወጪ ስለሆነ አራት አምስት ሰው ሆናችሁ ተካፈሉ። ከመስማማታችሁ በፊት መኪናውን በዓይናችሁ እዩ፦ ትርፍ ጎማው፣ ቀዝቃዛ አየሩ፣ የውሃ ጀሪካኑ። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር ውሃ ይያዝ።

በምን ቋንቋ እንግባባለን?

መንግሥታዊ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው፤ ሕዝቡ ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል። አማርኛ የሚሰማ ሰው ግን ገበያም ሆቴልም ታገኛላችሁ። አፋርኛ የምትችሉ የባቲ ሰዎች ደግሞ እንደ ቤተ ዘመድ ነው የምትታዩት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። ጀልባው «ስምንት ሰዓት ይነሣል» ካሏችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው።

ኦቦክን መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። ፈረንሳዮች ወደ ጅቡቲ ከተማ ከመዛወራቸው በፊት የተቀመጡባት ትንሽ የወደብ ከተማ ናት፤ ኮራሏም ዳርቻዋም ያምራል።

ነገር ግን ኦቦክ የሚለውን ስም ስሰማ የማስበው ሌላ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴ የወጡ ልጆቻችን ሳዑዲ እንደርሳለን ብለው ጀልባ የሚሳፈሩት ከዚያ ዳርቻ ነው። ጠባቡ ቦታ ላይ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስሙ ባብ ኤል መንደብ፣ የእንባ በር ማለት ነው። ዳርቻው ላይ ጫማ አይቻለሁ፤ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ፣ እኛ ሰፈር ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት፣ ግማሹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ። የማን እንደሆነ አላውቅም። አንሥቼ ውሃ የማይደርስበት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት።

ልጁ ወይም ወንድሙ በዚያ መንገድ የሄደበት ሰው ኦቦክን ማየት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ሁለት ሰዎች እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል። ሂዱ፤ ፓስፖርትና ቪዛችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በቀን፣ የአካባቢውን ሰው አስከትላችሁ። በመንገድ ላይ በረሃውን በእግር የሚሄዱ ልጆች ታያላችሁ፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ብትጠሯቸው ይመልሱላችኋል። ውሃ ስጧቸው። ትርፍ ይዛችሁ ውጡ።

ምን ይዘን እንመለስ?

ኮራልና ዛጎል አታንሡ፤ ባሕሩ ውስጥ ሥራ አለው። አሳል ዳር ግን የአፋር ልጆች ክብ ክብ የጨው እንክብል ይሸጣሉ፤ ሐይቁ ራሱ ያድቦለቦለው፣ ከአተር እስከ ሎሚ የሚያህል። ከእነሱ ግዙ፤ ዋጋ ብዙ አትከራከሩ። እናቴ በላስቲክ ሙሉ ይዛ መጣች። ለጎረቤት ሁሉ አደለች፤ አንዷን ትልቋን ግን ቡና ረከቦቷ ላይ አስቀምጣለች። ቡና የሚጠጣ እንግዳ ሲመጣ አንሥቶ ያያታል፣ በምላሱ ይሞክራታል፣ መልሶ ያስቀምጣታል።